ለሁለት ስለተከፈለው ጠረጴዛ ቁጥር ስድስት

ለከተማችን የምግብ ቤቶች ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለወንበርዎ፣ በተለይም ለሆድዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሆድዎን የጠቀስኩት ከጉዳዩ ጋር ስለሚገናኝ እንጂ በድፍረት አለመሆኑን ወደ መጨረሻው ይረዱልኛል። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰውን ገመና ስሸፍን ኖሬ ዛሬ የጽሕፈት ቤትዎን ገመና ገለጥ ለማድረግ ብዕር በማንሳቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከመነጽር ቤቱ ቀጥሎ፣ «የሊባኖስና የሶሪያ ምግብ ቤት» የምትባል ስምንት ጠረጴዛ ያላት ቤት እንዳለች መቼም ያውቃሉ። ባልየው ሊባኖሳዊ ነው፤ ሚስትየዋ ሶሪያዊት ናት። እሱ ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጦ ወቅጦ እንደ ክሬም ያነጣዋል፤ እሷ ቀይ በርበሬ ጠብሳ ሙሐመራ የሚባለውን ማባያ ትሠራለች። ከሽምብራ የሚሠራው ሁሙስ በማን አገር ወግ ይሠራ በሚለው ግን ከተጋቡ ጀምሮ ተስማምተው አያውቁም። ጭቅጭቃቸው ከዳቦው ጋር አብሮ ይቀርባል፤ እኛ ደንበኞችም ለምደነዋል፣ እንዲያውም ዝም ያሉ ቀን ምግቡ ጨው ያነሰው ይመስለናል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ተቆጣጣሪዎ ፈቃድ ለማሳደስ ቅጹን ይዞ መጣ። በቅጹ ላይ «የምግቡ ዓይነት፤ አንድ ብቻ ይጥቀሱ» የሚል መስመር አለ። ባልየው ሊባኖስ ሲል ሚስትየዋ በዚያው ትንፋሽ ሶሪያ አለች። ተቆጣጣሪው ሁለቱንም ጻፈ፣ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። በሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኮምፒውተሩ ይስተካከል ነበር፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን ባልና ሚስቱን ለማስተካከል ወሰነ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ያሉት አባቶቻችን ያን ጊዜ ቅጹን ስላላዩት ነው፣ አይፍረዱባቸው።

በፊርማዎ የወጣው ደብዳቤ እንደሚለው፣ ወይ ከሁለቱ አንዱን ምግብ ይተዋሉ፣ ወይ ቤቱን ከወለል እስከ ጣሪያ ከፍለው ሁለት ፈቃድ ያወጣሉ፤ መከለያውን መግለጥም ሆነ ምግብ ከወገን ወደ ወገን ማሳለፍ ክልክል ነው። ማን የማንን ድስት ያውጣ? ቤቱን ለመክፈል ተስማሙ፤ ይህ በትዳራቸው የተስማሙበት የመጀመሪያው ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም፣ ስለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። ግንብ ለማቆም አቅም ስላልነበራቸው መጋረጃ አዘዙ። የሰፋሁት እኔው ነኝ፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ድርብ፣ በተቆጣጣሪዎ ሜትር ተለክቶ የመጣልኝ። እንግዲህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ መጸዳጃ ቤቱ በሊባኖስ በኩል ሲቀር የእጅ መታጠቢያው በሶሪያ በኩል ቀርቷል። መጋረጃውን መግለጥ ክልክል ስለሆነ እጁን ሊታጠብ የሚፈልግ ደንበኛ በመንገድ ዞሮ በጓሮ በር ይገባል። የዘነበ ዕለት መታጠቢያው ጋ ሳይደርስ ታጥቦ ያልቃል። ለሕዝቡ ንጽሕና ስላሳዩት ትጋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ ሽምብራው የሚዘፈዘፈው በአንድ ድስት ነው። ተቆጣጣሪዎ ድስቱ በየትኛው ፈቃድ ሥር እንደሚተዳደር ጠየቀ፤ ሚስትየዋም ሽምብራውን ራስህ ጠይቀው አለችው። እሱም «መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ ሆነው አልተገኙም» ብሎ መዘገበ። ያልተገኙት እሷ ትሁን ሽምብራው ግን አልተብራራም፤ ቢብራራልን ደስ ይለናል።

ሦስተኛውን በቁጥር ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ትዕግሥትዎ ከፈቀደ እንዲሁ ልንገርዎት።

አባታችን አንድ ሱቅ ትተውልን ነበር። በአንድ ወገን እኔ እሰፋለሁ፣ በሌላው ወገን ታላቅ ወንድሜ ፀጉር ያስተካክላል። የሚያራግፈው ፀጉር እየበነነ መጋረጃዬ ላይ አስቸገረኝና አንድ ቀን ደንበኛው ፊት ተናገርኩት። እሱም የአንተ መኪና ጩኸት እያስደነገጠኝ የሰው ጆሮ ልቆርጥ ነው አለኝ። ነገር ነገርን ወለደ፤ በሳምንቱ ከሱቁ መሐል ላይ ግንብ አቆምን። ጡቡን እኩል አዋጥተን፣ እሱ እያቀበለ እኔ እየደረደርኩ ነው የሠራነው። አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት አልተነጋገርንም። የመቀሱን ድምፅ ከግንቡ ማዶ እሰማለሁ፤ ሲያስነጥሰው ይማርህ ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ እዘጋዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በዚያች ምግብ ቤት ጠረጴዛ ቁጥር ስድስት ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ወንድሜ ገባ። ቤቱ ጢም ብሏል። ሚስትየዋ አፍንጫችንን አይታ አብረን የመጣን መሰላትና ፊት ለፊቴ አስቀመጠችው፤ በአንድ ዳቦ፣ በአንድ ማዕድ። እኔ ብነሳ ተሸናፊው እኔ፣ እሱ ቢነሳ ተሸናፊው እሱ፤ ሁለታችንም ግትሮች ስለሆንን ተቀምጠን በላን። እዚያ ቤት ደግሞ የግል ሳህን የለም፤ ሁሉም መሐል ላይ ይዘረጋና ዳቦ እየቆረሱ ማጥቀስ ነው፣ እጅ ከእጅ መጋጨቱ አይቀርም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ሁለታችንም በአጋጣሚ ተገኘን። አጋጣሚው ሰባት ወር ቀጠለ፣ ያለ አንዲት ቃል። በስምንተኛው ወር ወንድሜ ቀና ሳይል ሎሚውን እንዳቀብለው ጠየቀኝ። አራት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ሎሚ ሆኖ መጣ። ከቁራጮቹ ትልቁን መርጬ አቀበልኩት፣ ይህን ለመናገር አላፍርም። ከዚያ በኋላ ስለ ወገብ ሕመማችን፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ አባታችን ማውራት ጀመርን። ወደ ሱቅ ስንመለስ ግን ሁለታችንም ዝም ነን፤ ግንቡ ፊት አፍ አይከፈትም። የምንነጋገረው እዚያች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የተቆጣጣሪዎ ሜትር ያለፈው ልክ በጠረጴዛ ቁጥር ስድስት መሐል ነው።

መጋረጃው በተሰቀለ የመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ በሊባኖስ፣ ወንድሜ በሶሪያ ተቀመጥን። ለእኔ ነጭ ሽንኩርት ብቻ፣ ለእሱ ሙሐመራ ብቻ። ሰው እንዴት አንድ ወንድሙን ሁለት ጊዜ በገዛ እጁ ይጋርዳል እያልኩ ዳቦዬን ይዤ ቀረሁ። እንዲህ ሳለን የማውቀው ድምፅ መጣ፤ መቀስ ነው። ወንድሜ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጨርቄን በሳህን ልክ ክብ አድርጎ ቆረጠው፣ እንደ ልጅ ፀጉር ተጠንቅቆ። ከዚያም በቀዳዳው አየኝና፣

«ጡብ በመቀስ ቢቆረጥ ኖሮ አራት ዓመት አልጠብቅም ነበር» አለኝ።

ማክሰኞ ዕለት ተቆጣጣሪዎ ቀዳዳውን አይቶ «መከለያው ጉዳት ደርሶበታል» ብሎ ጻፈ፤ በአሥር ቀን ካልተደፈነ ቤቱ ይታሸጋል። ባልና ሚስቱ አንጀታቸው እያረረ ድፈንልን ሲሉ ለመኑኝ፤ ምን ያድርጉ፣ እንጀራቸው ነው። እኔ ግን እንደ ባለሙያ ጠርዙ እንዳይተረተር ዘምዝሜው ተመልሻለሁ። አልደፍነውም። ጥፋቱ የእኔና የወንድሜ ነውና የሚታሸግ ካስፈለገ በራችን ክፍት ነው፤ አንድ ሱቅ፣ ሁለት በር፣ በመካከሉ ደንብዎን ያሟላ ግንብ። ለዚያች ቤት የምለምንዎት በቅጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ እንዲጨምሩላት ነው። መስመር ማስመር ለጽሕፈት ቤትዎ ከባድ ከሆነ ቅጹን ይላኩልኝ፤ ቀጥ አድርጌ እሰፋልዎታለሁ።

ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ኮምፒውተርዎም አንድ ቀን እስከ ሁለት መቁጠር እንዲችል እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከሩቅ በሚታወቅ የነጭ ሽንኩርት ሽታ እሰናበትዎታለሁ።

ታዛዥዎ፣
መጋረጃ ሰፊው፣ ከጠረጴዛ ቁጥር ስድስት፣ በሊባኖስ በኩል

ማሳሰቢያ፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላልና ክቡርነትዎ ሐሙስ ሐሙስ በሾፌርዎ የሚያስመጡትን ምሳ እንዲቀንሱ የሚመኝ የለም። ነጭ ሽንኩርቱና ሙሐመራው በአንድ ዕቃ፣ ጎን ለጎን ካልሆነ እንደማይጥምዎ መላው ቤት ያውቃል። ያለፈው ሐሙስ ዕቃዎ የተሞላው በዚያው በቀዳዳችን በኩል አልፎ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ይደፈን ካሉ፣ ከምሳዎ የትኛው ግማሽ እንደሚቀርብልዎ አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ አንድ ብቻ ይጥቀሱ።