አዛዡ ተመለሰ?

ባምላኩ፣

ያሳደገንን ኮልፌን መንገድ እየጠየቅሁ ገባሁ፤ እንደምኖርበት ደሴ ሰላም የሚለኝ የለም። ሰይፈዲንም ታሞ ተኝቷል፤ አላወቀኝም። ልጆች ሳለን ከሲኒማው መጋረጃ ጎን ቆሞ ተከታታዩን የጠፈር ፊልም ሲተረጉምልን፣ በመጨረሻው ክፍል የሞተውን አዛዥ "ወደ ቤቱ ተመለሰ" ብሎን ነበር። በኋላ እንግሊዝኛ በራሴ ተምሬ ስደርስበት ውሸታም አልኩት፤ አርባ ዓመት ተኳረፍን።

ትናንት እጄን ይዞ "አዛዡ ተመለሰ?" አለኝ።

"ሞቷል" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አዎ ቢሉት ምን ነበረበት፣ ጋሼ?" አለች ልጁ አልፊያ።

ዛሬ ሄጄ "ተመልሷል" አልኩት፤ አልዞረም።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ባለቤትህን ማርያማዊትን ሰላም በልልኝ። የልጅ ልጆችህ ስለ ፊልሙ ከጠየቁህ፣ ተመልሷል በላቸው።

አምሐ