«ፈተናው ይከብዳቸዋል» ላሉን ለክቡር ሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ ሀይለየሱስ
የ«ጮራ» የወላጆች ማኅበር ትምህርት ቤት የቦርድ ሊቀመንበር
ካርቲየ 6፣ ጅቡቲ ከተማ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የሰሞኑ ትኩስ ነፋስ ዓይንዎን እንዳያስቸግርዎ፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ክሊማቲዘር በዚህ ሙቀት እንዳይከዳዎ፣ የደም ግፊትዎም ቢያንስ ይህን ደብዳቤ እስኪጨርሱ ድረስ ባለበት እንዲረጋልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ባለፈው ዓርብ በምረቃው በዓል ላይ መድረክ ጠርተው የጨበጡኝ፣ «ትምህርት ቤታችን በልዩ ክትትል ለዚህ ያበቃት ልጃችን» ብለው ለእንግዶቹ ያስተዋወቁኝ ፅዮናዊት ጋሻው ነኝ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ስለነበር ወዲያው መልስ ለመስጠት አልተመቸኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እንግዶቹ ልዩ ክትትሉ ምን ምን እንደነበረ ሳይሰሙ መሄዳቸው አሳዘነኝ፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አድርጌ በአደባባይ ለማቅረብ ተገደድኩ።

እኛን ለማያውቁ አንባቢዎች፣ በትምህርት ቤታችን ኮሪደር መጨረሻ ላይ «የድጋፍ ክፍል» የሚባል ነበረ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያ የምንማረው ሦስት ነበርን። እኔ ሳነብ መስመሮቹ ይምታቱብኛል፤ የገጹ መጨረሻ ላይ ስደርስ መጀመሪያው ከእጄ ወጥቷል። ሙንተሃ ዛሬ የገባት ትምህርት ነገ ጠዋት ይጠፋባታል። አኒስ ደግሞ ሁለታችንን የሚያስከነዳ ጭንቅላት አለው፤ ነገር ግን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀመጥ ከተባለ ደረቱ ይጨንቀዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ሦስታችንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰነፍ ስንባል አድገናል።

የድጋፍ ክፍሉ መምህርት ትግስት በመጀመሪያው ቀን ገብታ፣ «እስከ ዛሬ አጥኑ ተብላችኋል። እንዴት እንደሚጠና የነገራችሁ ሰው አለ?» አለችን። ማንም አልነገረንም ነበር። እሷ ነገረችን። ጥያቄ ሲቀርብልኝ ከመመለሴ በፊት የሚያዘኝን ቃል እንድፈልግ አስተማረችኝ፤ «አነጻጽሩ» ሌላ፣ «ዘርዝሩ» ሌላ መሆኑን እስከዚያ ድረስ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ገጹን በወረቀት ሸፍኜ አንድ አንድ አንቀጽ ብቻ እየገለጥኩ እንዳነብ አደረገችኝ። ሙንተሃን ያነበበችውን በትንንሽ ሥዕል እንድትስልና በማግስቱ መጽሐፉን ሳትከፍት ከሥዕሉ እንድትተርክ አለማመደቻት። አኒስን ደግሞ፣ «ቆመህ ከገባህ ቆመህ ተማር» አለችው። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍታ መንገድ ለቀቀችለት።

አንደኛው ምስጋናዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። በየካቲት ወር፣ እኛ ትምህርት ላይ ሳለን፣ ክቡርነትዎ ሁለት ሰዎች አስከትለው ክፍላችንን ሊያስለኩ ገቡ። አኒስ በዚያን ሰዓት እየተንጎራደደ ስለ ምግብ መፈጨት ያስረዳን ነበር። «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚዞረው?» ብለው ጠየቁ። መምህርታችን፣ «እያጠና ነው፣ ጋሼ» አለችዎ። እርስዎም፣ «ትምህርት ቤት ነው ወይስ መናፈሻ?» ብለው ሁለቱን ሰዎች አሳቁ። በሳምንቱ የድጋፍ ክፍሉ ተዘጋና የአዳራሹ ትርፍ ወንበሮች ማከማቻ ሆነ፤ መምህርት ትግስትም ተሰናበተች። ወንበሮቹ በፀሐይ እንዳይሰነጠቁ ማሰብዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ወላጆቻችንን ስለጠሩልን ነው። እናቴ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የማታውቅ ሴት ናት። አስቀምጠው፣ «ወይዘሮ እልፍነሽ፣ የትምህርት ቤታችን የመልቀቂያ ፈተና ውጤት አምና ድንቅ ነበር። እነዚህ ልጆች ፈተናው ይከብዳቸዋል። ለእነሱው አስበን ነው፤ ዘንድሮ ባይመዘገቡ ይሻላል። ፅዮናዊት የስፌት ሥልጠና ብትገባ እጇ ቀና ነው» አሏት። እጄ ቀና መሆኑን ከየት እንዳወቁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ቤታችን መርፌ ይዤ ያየኝ ሰው የለም።

እናቴ ወደ ቤት ይዛኝ ተመለሰች። በር ላይ ስንደርስ ቁልፉን እንደያዘች ዞር ብላ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«ልፈተን፣ እማዬ።»

«ብትወድቂስ?»

«እወድቃለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ደርባ ቢሮዎ ይዛኝ መጣች። «ጋሼ፣ ልጄ ትውደቅ። ግን ተፈትና ትውደቅ» አለችዎ። ከዚያ በኋላ የአኒስና የሙንተሃ ወላጆችም መጡ። እርስዎም ደግ ነዎትና ፈጽመው አልከለከሉንም፤ «እንግዲያው መጀመሪያ በእኛ ፈተና ይፈተሹ፤ ያለፈ ይመዘገባል» አሉ። ከመላው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይህ ዕድል የተሰጠው ለእኛ ብቻ ነው። የምንፈተንበት የሥነ ሕይወት ምዕራፍ መምህርታችን ከተሰናበተች በኋላ የተመረጠ፣ ያልተማርነው ምዕራፍ ነበረ። ይህ ነው ሦስተኛው ምስጋናዬ፣ ትልቁም እሱ ነው።

የምናጠናበት ቦታ አልነበረንም። የእኔ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ የሙንተሃ ቤት ሕፃናት ይበዙበታል። የአኒስ አጎት አቶ ሱፊያን ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ እንደ ከተማው ሁሉ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ በሩን ቁልቁል ስበው ይተኛሉ። «ጨርቄ ላይ እስክሪብቶ ያሳረፈ ዓይኑን እንዳላየው» ብለው ቁልፉን ለአኒስ ሰጡት። ከተማው ሁሉ ጋደም በሚልበት ሰዓት እኛ በጣቃ ጨርቅ መሐል፣ አንድ ቬንትሌተር እያዞርን፣ ላባችን በክርናችን እየተንጠባጠበ አጠናን። መምህርት ትግስት ጋቦዴ አካባቢ ሌላ ሥራ ይዛ ነበርና መምጣት አልቻለችም። ስንደውልላት፣ «እኔን አትጠብቁ። እንዴት እንደሚሠራ ታውቁታላችሁ» አለችን። መጀመሪያ ተናደድንባት። ቆይተን ስናየው ግን እውነቷን ነበር፤ እናውቀው ነበር። እኔ አንቀጽ በአንቀጽ እየገለጥኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ሙንተሃ ትስላለች፤ አኒስ በጣቃዎቹ መሐል እየተመላለሰ፣ «ዝጉት፣ አሁን ንገሩኝ» ይለናል። የተሳሳትነውን እሱ ያርማል። ያንን ምዕራፍ ከሦስታችን አስበልጦ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ይህን ለመመስከር የትኛውም ጉባኤ ፊት ልቆም ዝግጁ ነኝ።

የፈተናው ቀን ክቡርነትዎ ራስዎ ሊቆጣጠሩን ተቀመጡ። ለክብራችን ሲሉ መሆኑ ገብቶናል። ወንበርዎንም ከአኒስ ፊት ለፊት አደረጉት። ገና ሲጀመር አኒስ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ ከኋላ ቆሜ ብጽፍ?» አለ።

«ተቀመጥ» አሉት።

ተቀመጠ። ጉልበቱ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው ከጎኑ ሆኜ ይሰማኝ ነበር። እኔ «ደም ቅዳንና ደም መልስን አነጻጽሩ» የሚለው ላይ ነበርኩ፤ ቀና ብል መስመሩ እንደሚጠፋብኝ ስለማውቅ ጣቴን ቃሉ ላይ ተክዬ አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ቆይቶ ድጋሚ ጠየቀዎት፤ «እባክዎ፣ ውጭ ወጥቼ አየር ወስጄ ልመለስ» አለ። እርስዎም፣ «የወጣ አይመለስም» አሉት። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ትንፋሹን ነው። ሩጦ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። ቀጥሎ ወንበሩ ወለሉን ፋቀ፤ በሩም ተዘጋ። ሙንተሃ ፊቷ ራሰ፤ ግን እጇ አላቆመም፤ በወረቀቷ ጥግ ላይ ሥዕሏን እየሳለች ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ፣ «አፍሽን ዝጊ» አሏት። ዘጋችው። እኛ ጨረስን።

ስንወጣ አኒስ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ያለቀሰ አይመስልም ነበር። ያለቀስነው እኛ ነን። «ሁለተኛዋን ጥያቄ ምን ብለሽ መለስሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «ልክ ነሽ» አለኝ፤ «የቧንቧዎቹን ግድግዳ ውፍረትም ብትጨምሪበት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነበር።»

እኔና ሙንተሃ አለፍን፤ ተመዘገብን። አኒስ ድጋሚ፣ ቆሞ ይፈተን ዘንድ አባቱ ቢለምኑዎት፣ «ዓለም ለእሱ ብላ ሥርዓቷን አትቀይርም» ብለው መለሷቸው። በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ እኔና ሙንተሃ በምን ዓይናችን እናየዋለን ብለን እያመነታን ሱቁ ጋ ስንደርስ በሩ ተከፍቶ ነበር። ሙንተሃ፣ «አንተ አትፈተን፤ ለምን ትደክማለህ?» ብትለው፣ «ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው» አላት። እስከ ፈተናችን ዋዜማ ድረስ እየተመላለሰ አስጠናን።

ትልቁን፣ የመልቀቂያውን ፈተና የተፈተንነው ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተቀላቅለን ነው። በሁለተኛው ቀን አንዲት የማላውቃት ልጅ ወገቧን እንዳመማትና ቆማ መጻፍ እንደምትፈልግ ለፈታኙ ነገረችው። ፈታኙ በአገጩ የኋላውን ግድግዳ አሳያትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ይኸው ነበር። ልጅቱ ወረቀቷን የመስኮቱ ደፍ ላይ አድርጋ ፈተናዋን ጨረሰች፤ ዓለምም አልፈረሰችም። እኔ ግን ያን ቀን ከጥያቄው ይልቅ እንባዬን መቆጣጠር ነበር የከበደኝ። ሙንተሃም እኔም ይህንንም ፈተና አለፍን።

ክቡርነትዎ በመጪው መስከረም ለአዳዲስ ወላጆች ንግግር እንዳደርግ ጋብዘውኛል። በደስታ እመጣለሁ፤ አኒስ አብሮኝ ከተናገረ፣ መምህርት ትግስት የፊተኛው ወንበር ላይ ከተቀመጠች፣ የድጋፍ ክፍሉም ከወንበር ማከማቻነት ተላቆ ወደ ልጆች ከተመለሰ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገቡ፣ ልክ እንደ እኛ አጥኑ እንጂ እንዴት እንደሚጠና ያልተነገራቸው ልጆች እንዳሉ ወላጆቻቸው ለእናቴ ነግረዋታል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ግን በንግግርዎ ውስጥ ስሜን እንዳያነሱ በትሕትና እለምናለሁ።

ስለ አኒስ ብዙ እንዳይጨነቁ። እርስዎ ባይመዘግቡትም በግሉ ሊፈተን ወስኗል፤ መምህርት ትግስት በየዓርቡ ልትመጣለት ቃል ገብታለች፤ እኔና ሙንተሃ ደግሞ ቀሪውን ቀን ተካፍለነዋል። ስለዚህ አኒስ ይፈተናል። ለክቡርነትዎ የቀረልዎ ውሳኔ፣ በሚመጣው ዓመት እሱ ሲያልፍ መድረክ ላይ እጁን ለመጨበጥ የሚያበቃ ሥራ ሠርተው ይጠብቁት እንደሆነ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ በወላጆች ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ያስቀመጥኩት በቢሮዎ በኩል ቢመጣ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር እንዳይቀላቀልብዎ አስቤ ነው።

ለደጃፍዎ ሰላምን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለጆሮዎ ደግሞ መስማትን እየተመኘሁ፣

የልዩ ክትትልዎ ፍሬ፣
ፅዮናዊት ጋሻው

ማሳሰቢያ፦ በበዓሉ ዕለት ከመድረኩ በላይ ባሰቀሉት ትልቅ ባነር ላይ ስሜ «ፅናዮዊት» ተብሎ ተጽፏል። ያዘዙትም፣ ያነበቡትም፣ ያጸደቁትም እርስዎ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ፊደል ቦታ ቢቀያየርብዎ አይፈሩ፣ የስንፍና ምልክትም አይደለም፤ በትዕግሥት ከተሠራበት ይሻሻላል። ፈተና ይከብድዎታል ብሎ የሚከለክልዎት ሰው በመካከላችን የለም።