ያልታጠበው እጅጌ

ውድ አባዬ፣

ስለ ጤናህ በስልክ በጠየቅኩህ ቁጥር "እኔ ደህና ነኝ፣ እናትሽስ?" ስለምትል እዚህ አልደግመውም። ደብዳቤ የምጽፍልህም በስልክ መኪናዋን ካነሳሁ "ሽጧት አልኩ እኮ!" ብለህ ስልኩን ለወንድሜ ስለምታቀብልብኝ ነው። ወረቀት ሲሆን ግን መነጽርህን አድርገህ እስከ መጨረሻው እንደምታነብ አውቃለሁ።

ወገብህ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ ወንድሜ ቤት መክረምህ ደግ ነበር። ከዳንክ በኋላም "አውቶብስ አልችልም፣ መኪናዋም ትንቀጠቀጣለች፣ እዚሁ ልሁን" ስትል ግን ነገሩ የወገብ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሸክም እሆንባቸዋለሁ ብለህ ነው። "መንቀጥቀጧን ካቆመች እመጣለሁ" ያልከውም እንደማይሆንልን እርግጠኛ ሆነህ ነው። እኔ ደግሞ ቃልህን ያዝኩ።

ወንድሜ ነገሩን በግማሹ ነው የነገረህ። መኪናዋ ስትታጠፍ ቋ ቋ ትል ስለነበር የሞተሩን ኃይል ለፊት ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ፣ አክሰሉን፣ ያ ጎረቤታችን መካኒክ ቀየረልን። መኪናውን ሁሉ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያለ ስለሚፈታ አሁን ሰፈሩ በሙሉ "አይዞሽ" ብሎ ነው የሚጠራው። ጎማውን ግን "የአባቴ ልጅ ነኝ" ብዬ ራሴ ገጠምኩት። ዋናው መንገድ ላይ ወጥቼ ፍጥነት ስጨምር መሪው እጄ ላይ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ! ጥርሴ እስኪጋጭ።

አይዞሽ አክሰሉን ጠረጠረ። "የዘንድሮ ዕቃ እኮ እምነት የለውም" ብሎ ፈትቶ መለሰው፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ የሞተሩን መቀመጫ ሊፈታ ሲነሳ ያንተ ነገር ትዝ አለኝ፤ "ነዳጅ ስትሰጫት ብቻ ከተንቀጠቀጠች አክሰሉን ጠርጥሪ፣ እግርሽን አንስተሽም ካላቆመች ጎማውን እይ" ትለኝ ነበር። መንገድ ወጥቼ እግሬን አነሳሁ። መንቀጥቀጧን አላቆመችም! ደስ ብሎኝ ጎሚስታው ጋ በረርኩ። እሱ ደግሞ ጎማውን አሽከርክሮ፣ ባላንሱን ለክቶ "እህቴ፣ ይሄ ጎማ ከኔም ከአንቺም ጤነኛ ነው" ብሎ መለሰኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እጄን ሰጠሁ። ቤት ገብቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና "እማዬ፣ በቃ እንሽጣት" አልኳት። እሷ የሚታጠብ ልብስ እየለየች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

"ጎማውን የገጠምሽ ቀን የለበስሽው የቱን ነው?"

"ቢጫውን ሸሚዝ። ምነው?"

"እሱማ እጅጌው ንጹህ ነበር።"

"ታዲያ ጥሩ አይደል?"

"ምኑ ነው ጥሩ? አባትሽ ጎማ በገጠመ ቁጥር የቀኝ እጅጌው ከሰል መስሎ ነው የሚገባው። ዕድሜ ልኬን እሱን ስፈትግ ኖሬ! አንቺ ንጹህ ሆነሽ ከገባሽ የሆነ ነገር ዘለሻል።"

አባዬ፣ ያኔ ፊቴ ላይ ድቅን አልክ። ጎማውን መልሰህ ከመግጠምህ በፊት ጎንበስ ብለህ የጎማው ክብ ብረት፣ ቸርኬው፣ የሚያርፍበትን የመኪናዋን ብረት በእጅጌህ ትጠርጋለህ። እኔ ግንባርህን እንደምትጠርገው ዓይነት ልማድ ይመስለኝ ነበር። የጎማውን ዳዶ በመስቀልያ መፍቻ ማጥበቅ አስተምረኸኛል፣ መኪናዋን የሚያነሳውን ክሪክ ለስላሳ መሬት ላይ እንዳልተክል አስተምረኸኛል፤ ይሄን ግን አንድም ቀን በአፍህ ነግረኸኝ አታውቅም።

ጎማውን ፈታሁት። እውነትም ብረቱ ላይ ዝገት ተላጦ ተቆልሏል፣ ለካ ቸርኬው ለዓይን በማይታይ ልክ ዘመም ብሎ ነበር የተቀመጠው፤ የሚያንቀጠቅጣትም ይሄው ነው። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩና እማዬ የያዘችውን ጨርቅ ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

"በእጅጌሽ!" አለችኝ።

"እማዬ፣ ጨርቅ እያለ?"

"እሱ በእጅጌው ነው የሚያደርገው።"

ሙግት እንደማያዋጣኝ አየሁና በቢጫው ሸሚዜ ጠረግኩት።

ከዚያ እማዬን በመኪናዋ ይዤ ወጣሁ። አንተ የምትመጣበትን ወንበር ለወገብህ እንደሚመች ወደ ኋላ አስተኝታ፣ ዓይኗን ጨፍና ተጋደመች። "ጨምሪ" አለችኝ፤ በሕይወቷ ለሾፌር "ቀስ በል" እንጂ "ጨምር" ብላ የማታውቀው ሴትዮ! ጨመርኩ። መሪው ዝም አለ። እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ "አባትሽ አሁን ምን ሊል ነው?" አለችና እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። እኔም መንገዱ እስኪደበዝዝብኝ አለቀስኩ፤ ዳር ይዤ ቆምኩ።

አባዬ፣ ሸክም አይደለህም። ዜና የማትወደው ሚስትህ በዜና ሰዓት ያንተን ራዲዮ ከፍታ ታስጮኸዋለች፤ ቤቱ ዝም ሲል አትችልም። እኔም ናፍቀኸኛል፤ ይኸው በጽሑፍ አልኩት።

እሁድ እንመጣለን። ሻንጣህን አዘጋጅ። ቢጫውን ሸሚዝ ሳሙና ውስጥ ልነክረው ብል እማዬ ከእጄ ነጠቀችኝ። እጅጌውን ወደ ውጭ አድርጋ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። "እሱ ሳያየው ውሃ አይነካውም፤ ቤቱ ገብቶ ነው የማጥበው" ብላለች። ቃልህን የምታጥፍ ከሆነ ለእሷ ንገራት፤ እኔ አልችላትም።

የቀኝ እጅጌዋ የጠቆረው ልጅህ