የራሞን ጉልበት

ሰኞ

ዛሬም አብጧል። ቀኝ ጉልበቱ የግራውን እጥፍ አክሏል። በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ ሳቀርብለት ራሞን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ለማንም እንዳትናገሪ ማለቱ ነው። ለማን ልናገር? ለሥጋ ሻጩ? እሱማ ገና ከበር ሲያየኝ፣ ያንቺ ስፔናዊ ከብርጭቆ ነው እንዴ የተሠራው እያለ ሰው ያስቅብኛል። አምና የማን ቤት እንደምሠራ ሲያውቅ ጥሩ ጥሩውን ይመርጥልኝ የነበረው ሰውዬ ነው።

አጥቂ ይሉታል። ዝንብ እንኳ አያጠቃም። እኔ ኳስ አላውቅም፤ የማውቀው እሁድ ከስታዲዮ ሲመለስ በሩን እንዴት እንደሚዘጋው ነው። ጎል ካገባ ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። ከመስከረም ወዲህ ግን በሩ ሊነቀል ነው።

ሲኞራ ኢዛቤል፣ ሚስቱ፣ ልብስ ስተኩስ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ክለቡ የሚፈቀድለት ሁለት የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው አለች። በራሞን ቦታ ከደቡብ አሜሪካ አንድ ልጅ ሊያመጡ ዓይናቸውን ጥለዋል። እሁድ በደንብ ከተጫወተ ውሉ ይታደሳል፤ ካልሆነ የፈረንጆቹን ገና የሚውሉት ስፔን ነው። እኔስ አልኳት። አሎራ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ሌላ ቤት አታጪም ብላኝ ሄደች።

ቤት አላጣም። የማጣው ወረቀት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ የወጣው በእነሱ ስም ነው፤ ጥር ላይ ያልቃል። እነሱ ካልፈረሙልኝ አይታደስም። ያለ ወረቀት ከተያዝኩ ደግሞ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው። እዚያ ታላቅ ወንድሜን የበሉት ሰዎች ዛሬም ቀበሌው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የደርግ ወንበር በቶሎ አይነቃነቅም። እንግዲህ የእኔ ነገር አንድ ስፔናዊ ጉልበት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሸሚዙ ላይ አለቀስኩበትና እንደገና ተኮስኩት።

ማክሰኞ

ለክለቡ ሐኪም አላሳየም። ካሳየ ሐኪሙ ለፕሬዚዳንቱ ይነግራል፣ ፕሬዚዳንቱ በዚያው ቀን ያንን ልጅ ያስመጣል። ስለዚህ ልምምድ ላይ ሱሪ ደርቦ ይሮጣል፤ ትንሽ ጡንቻዬን ነው ይላል።

በረዶውን ይዤለት ቁጭ ስል ወሬ ጀመረ። ጣሊያንኛው ከስፓኝኛ ጋር የተቦካ ነው፤ ግን እንግባባለን። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እሱን ጀልባ ላይ ሲያወጡት ያስመልሰዋል፤ አባቱ ያፍሩበት ነበር። ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ኳስ ሲመታ አንድ ሰው አየውና ወሰደው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በትልቅ ስታዲዮ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ፤ አባቱ ያን ቀን ብቻ ባሕር አልወጡም። ለአገሩ ተሰልፏል። ማልያው ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፤ አቧራውን በየሳምንቱ የምጠርገው እኔ ነኝ። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ‘ጽጌ፣ እኔ ሌላ ሥራ አልችልም’ አለኝ። እኔም ከእናንተ ሌላ የሚፈርምልኝ የለኝም አልለው ነገር።

ረቡዕ

ጾም ነው፤ ሆዴም ልቤም ባዶ ነው የዋለው። የማስባቸው ነገሮች፦ ጉልበቱ። ጥር። ወረቀት የሚታደስበት ኩዌስቱራ ያለው ፖሊስ ፊት። ጉልበቱ።

ደረጃውን ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ነው። አትክልት ስልጥ ድንገት ጋሽ ተክሉ ትዝ አሉኝ። ጋሽ ተክሉ አገር ቤት የአንድ ትልቅ ቡድን ወጌሻ ነበሩ። ወንድሜ በሕይወት ሳለ፣ ወለም ያለውን እጁን ያሹለት እሳቸው ናቸው። ዛሬ እዚህ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ አጠገብ አንድ ፔንሲዮኔ፣ ርካሽ ማረፊያ ቤት፣ ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ። ለራሞን ነገርኩት። የአገሬ ሰው ነው፣ ብዙ እግር ያዳነ ነው አልኩት። ወጌሻ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሐኪም ካልሆነ ጥሩ ነው፣ አምጪው አለ።

ሐሙስ

የእረፍቴ ከሰዓት። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ በእኛ አገር ሴቶች ተሞልቷል። ማንንም ሳላናግር አልፌ ጋሽ ተክሉን ፈለግኋቸው። ስነግራቸው ሳሙና የላጠውን እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ይሄን እጅ ፈልጎ የመጣ ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ አሉ። ከዚያ ጠብቂኝ ብለው ገቡ። ሲወጡ ክራቫት አስረዋል።

ቤት ስንደርስ ሲኞራ ጸጉር ቤት ነበረች። ጋሽ ተክሉ ቅቤ አምጪ አሉኝ፤ ከፍሪጅ አወጣሁላቸው። አሸተቱትና፣ ይሄ ቅቤ አይደለም፣ ሰም ነው ብለው የወይራ ዘይት አዘዙ። ራሞንን ሶፋው ላይ አስተኝተው ከጭኑ ጀምረው ወደ ታች ወረዱ። ጉልበቱ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ራሞን ትራሱን ነክሷል። ረጅም ጊዜ አሹት። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። የእሳቸው ጣሊያንኛ ከአንሶላና ከሳሙና አያልፍም።

‘እስከ ሰኔ፣ ክረምት ድረስ ካረፈ ይድናል በይው። እብጠቱን አሁን አሳርፌዋለሁ፤ ውስጡ ግን ሊበጠስ የደረሰ ገመድ ነው። እሁድ ከሮጠበት ያበቃለታል።’

ራሞን አፌን አፌን ያያል። ‘ይድናል ይላሉ’ አልኩት።

ይኸው ነው። እንዲህ አልኩት። ክረምቱንም እሁዱንም ዋጥኩት። ራሞን ተነስቶ ሽማግሌውን አቅፎ ሳማቸው፤ ማኤስትሮ አላቸው። ጋሽ ተክሉም ምክራቸውን የተቀበለ መስሏቸው ደስ አላቸው። ይሄ ልጅ ጨዋ ነው፣ የእኛዎቹ ቢሆኑ ይከራከሩ ነበር አሉኝ። አውቶቡስ ፌርማታ ሸኘኋቸው። አላየኋቸውም፤ ጫማዬን ነበር የማየው።

እጽፈዋለሁ እንጂ ምን አደርገዋለሁ። እስከ ክረምት ካረፈ ጥር ላይ የሚፈርምልኝ የለም። ደግሞ ሽማግሌ ሊሳሳት ይችላል።

ዓርብ

እብጠቱ ጠፋ! ሁለቱ ጉልበቶቹ እኩል ናቸው። ራሞን ማእድ ቤት ገብቶ በአንድ እግሩ ዘሎ አሳየኝ። ሲኞራ ተደንቃ አንድ ያልለበሰችውን ሹራብ ሰጠችኝ። ከልምምድ ሲመለስ እያፏጨ ነው፤ አሰልጣኙ እሁድ ትሰለፋለህ ብሎታል። ሥጋ ሻጩም ዛሬ ዝም አለ።

ቀኑን ሙሉ፣ ጋሽ ተክሉ ተሳስተዋል፣ ተሳስተዋል እያልኩ ወለል ወለወልኩ። ወለሉ እንዲህ ጸድቶ አያውቅም።

ቅዳሜ

እንቅልፍ የወሰደኝ ሊነጋጋ ሲል ነው። ጠዋት ቁርስ ሳቀርብለት እነግረዋለሁ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ። ቡናውን ይዤ ብገባ አልጋው ተነጥፏል። ሪቲሮ ገብቷል። ከጨዋታ በፊት ተጫዋቾቹን ሰብስበው ሆቴል ይዘጉባቸዋል፤ ዘንግቼው ነው። ጎህ ሲቀድ በፑልማን፣ በክለቡ አውቶቡስ፣ ወስደዋቸዋል።

ሲኞራ ገበያ ስትወጣ ሆቴሉ ጋ ደወልኩ። የቤቱ ሠራተኛ ነኝ፣ ስለ ጉልበቱ ነው አልኩት ስልክ ያነሳውን። ስንት ሴት ስንት ሰበብ ይዞ እንደሚደውል ታውቂያለሽ ብሎኝ ሳቀና ዘጋው። እንደገና መደወል ይቻል ነበር። ለሲኞራም መንገር ይቻል ነበር። የዓርቡን ሹራብ ታቅፌ ቁጭ አልኩ።

እሁድ

ጠዋት የእኛ ሰዎች የሚያስቀድሱበት ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄድኩ። ቅዳሴው ጆሮዬ አልገባም፤ አጠገቤ ያሉት ሲቆሙ ቆምኩ፣ ሲቀመጡ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጨነቀኝ። ጎል ያግባ? አይሩጥ? ሁለቱንም ለመንኩ።

ከሰዓት ሲኞራ ሬዲዮውን ማእድ ቤት አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ በሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ከእረፍት በኋላ የሬዲዮው ሰውዬ የራሞንን ስም ጮኸ። አገባ። ሲኞራ ተነስታ አቀፈችኝ፣ በስፓኝኛ ታወራኛለች፣ እንባዋ አንገቴ ላይ ነው። እኔም አለቀስኩ። ልክ ነበርኩ፣ እግዜር ይመስገን፣ ልክ ነበርኩ አልኩ በልቤ።

ሽንኩርቱን ቆርጬ ሳልጨርስ የሬዲዮው ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ራሞን ወድቋል። ማንም አልነካውም አለ፤ ሲዞር ብቻውን ነው የወደቀው። ደገመው፤ ማንም አልነካውም።

ሲኞራ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሬዲዮውን አልዘጋሁትም፤ ሌላው ጨዋታ ሲወራበት አመሸ።

ሰኞ

ቀዶ አድርገውታል። ጅማቱ እንዳለ ተበጥሷል። ይራመዳል አሉ፤ ኳስ ግን በቃ። ክለቡ አበባ ልኳል። በዚያው ቀን ጋዜጣ ላይ የደቡብ አሜሪካው ልጅ ፎቶ ወጥቷል፤ ጥርሱ ያምራል።

ሲኞራ ሻንጣ እያወረደች ነው። ማልያውን ከግድግዳ አውርጂልኝ አለችኝ። አወረድኩ። ግድግዳው ላይ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ስለ ፔርሜሶዬ አላነሳሁም። የማነሳበት ፊት የለኝም።

ሐሙስ

ቴርሚኒ ላለመሄድ አስቤ ነበር። ቤት መዋሉ ባሰብኝ።

ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ አንዲት የአገሬ ሰው አገኘችኝ፤ ጋሽ ተክሉ ታመዋል፣ እህል አልቀምስ ብለዋል አለች። ወደ ፔንሲዮኔው ወረድኩ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ለመነሳት ሞከሩ። የራሞንን መውደቅ ሬዲዮ የሰማ ሰው ነግሯቸዋል።

እጄ ነው አሉ። ሳላውቅ የነካሁት ነገር አለ፤ እጄ ሳሙና በልቶት ደንዝዟል፤ የሰው ልጅ እንጀራ አጠፋሁ። ይኼን እያሉ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ይደብቃሉ። መጀመሪያ፣ አይ ጋሽ ተክሉ፣ ፈረንጅ መቼ ምክር ይሰማል ልላቸው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጃቸውን ሲደብቁ ሳይ ግን አልቻልኩም።

‘አልነገርኩትም’ አልኳቸው። ‘ካረፈ ያሉትን አልነገርኩትም። ይድናል ብቻ ነው ያልኩት። ፔርሜሶዬን ፈርቼ ነው።’

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። እሱስ ያውቃል ወይ አሉ። አያውቅም አልኩ። ክራቫታቸውን ከምስማር አወረዱ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሲኞራ አልጋው አጠገብ ነበረች። ጋሽ ተክሉ እግርጌ ቆመው፣ ያን ዕለት ያልኩትን ሙሉውን በይለት አሉኝ። አልኩ። ክረምቱን፣ ገመዱን፣ እሁዱን፣ ጥርን፣ ሁሉንም። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ሲኞራ ሳታየኝ ከክፍሉ ወጣች። ራሞን የተጠቀለለውን እግሩን አየ። ከዚያ፣ ብትነግሪኝም እጫወት ነበር አለ። ለሽማግሌው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ያዙት። ለእኔ አልዘረጋም።

በአውቶቡስ ስንመለስ ጋሽ ተክሉ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው።

‘ዋሽቶልሻል’ አሉኝ ቴርሚኒ ላይ ሲወርዱ።

እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።