ቀላሉ ጠመንጃ

ጥቅምት 4
ጠዋት አሮጌውን ጠመንጃ ወጥ ቤት ሚዛን ላይ አጋደምኩት። ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ አምስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ባለቤቴ ሽንኩርቷን ይዛ ቆማለች።
«ሚዛኔን ዘይት በዘይት አደረግከው!»
«ሁለት ኪሎ መቀነስ አለብኝ።»
«ከጠመንጃው ከምትቀንስ ከሆድህ ብትቀንስ አይሻልም?»
አደን መሪው በስልክ ቁርጡን ነግሮኛል። «አባቴ፣ ዘንድሮ ተሸካሚ የለም። ጠመንጃውን ይዞ ዳገቱን የማይወጣ ይቀራል። ከመውጣታችን በፊትም መቶ ሜትር ላይ ሦስት ጥይት፣ ሳህን በምታህል ክብ ውስጥ። አንዷ ከሳተች አልወስድዎትም።»
አምና ጉልበቴ ከግማሽ መንገድ መለሰኝ። አጋዘኑን ሌሎች አዩት። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው... ከርሞ በሚባል ነገር አላምንም።

ጥቅምት 7
ጠመንጃ መሸጫው ዋልኩ። ሻጩ ጠጋኝም ነው።
«አባባ፣ ይሄ ያነሱት ጠመንጃ ቀላል ነው፤ ግን ይራገጣል። ምቱን የሚውጠው ክብደት ነው።»
አውቃለሁ። አንብቤያለሁ፣ ሁለቴ። ጣሳ የሚያህል መነጽር አወጣልኝ፤ ሃያ እጥፍ ያቀርባል አለ። የአጋዘኑን ሽፋሽፍት ልቆጥር ነው? ጫካ ውስጥ አርባ ሜትር ላይ ብቅ ቢል ጠጉሩን እንጂ እሱን አላየውም። አራት እጥፍ ይበቃኛል። የራቀውን በእግሬ እቀርበዋለሁ። ትንሿን ወሰድኩ። አዲሱ ጠመንጃ ከነመነጽሩ ሦስት ኪሎ አይሞላም።
ትከሻ የሚነካው ሰደፉ ላይ ምት የሚያለዝብ ጎማ እንግጠም አለ። ጎማ ለጫማ ነው አልኩት።

ጥቅምት 9
ከቤት እስከ ውኃ ታንከሩ፣ ዳገቱን ሳልቆም ወጣሁ። ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ መኖሩንም ረሳሁት።

ጥቅምት 12
ተኩስ ሜዳ። ሰባት ጥይት። ሦስቱ ወረቀቱን አልነኩትም፤ አራቱ ወደ ታች። መነጽሩ ተንሻፏል። ሌላ ምን ይሆናል? ትከሻዬ በልዟል።

ጥቅምት 13
ሻጩ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ ራሱ ተኮሰ። ሦስቱም ጥይት አንድ ቦታ!
«መነጽሩ ደህና ነው፣ አባባ።»
«ታዲያ?»
አብራኝ የመጣችውን ባለቤቴን ወደ ጎን ወስዶ አንድ ነገር አንሾካሾከላት። ምን እንዳላት አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 15
ተኩስ ሜዳ ጥይት የምታቀብለኝ ባለቤቴ ነበረች፣ ጆሮዋን ደፍና። አራተኛው ላይ ምላጭ ሳብኩ። ጠቅ... ተኩስ የለም። አፈሙዙ ግን መሬት ሊቆፍር ወረደ። ዓይኔም ተጨፍኗል።
«ባሩድ የለውም» አለች። «ሻጩ ነው የሰጠኝ።»
«አታለላችሁኝ!»
«ጠመንጃው እኮ ምንም አላለህም። አንተ ነህ ቀድመህ የበረገግከው።»
እኔ? አርባ ዓመት ሙሉ ያደንኩት፣ ጎሽ ፊት የቆምኩት? እስከ ቤት ጠመንጃውን ታቅፌ ከፊት ከፊቷ ሄድኩ።

ጥቅምት 16
ፍርሃት አይደለም። ትከሻዬ ምቱን ጠብቆ ራሱን ይሰበስባል። በከባዱ ጠመንጃ አልነበረብኝም... ወይስ ነበረብኝ፣ ክብደቱ ደብቆልኝ? መጻፉ ያማል። ጻፍኩት።
ወደ ከባዱ ልመለስ? ዳገቱን አልወጣም። ቀላሉን አልለቅም። መቃናት ያለበት ጠመንጃው አይደለም።

ጥቅምት 17
ጎማውን አስገጠምኩ። ሻጩ አልሳቀም። ብልህ ሰው ነው።

ጥቅምት 18
«ባዶውንና የሞላውን ደባልቀሽ አቀብዪኝ» አልኳት። «የትኛው እንደሆነ አትንገሪኝ።»
«አዘኸኝ ነው ወይስ ለምነኸኝ?»
«...ለምኜሽ።»
«ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች!»
አሥራ ሁለት ጥይት፣ አምስቱ ባዶ። ሦስቴ በረገግኩ።

ጥቅምት 24
አሥራ ሁለት። አንዴ ብቻ።

ጥቅምት 27
ፈተናው። ሌሎች አራት አዳኞች አሉ፣ ሁሉም በዕድሜ ልጆቼ የሚሆኑ። አንዱ ጎልማሳ መነጽሬን አየና «አባቴ፣ ይቺ የጡጦ ክዳን ናት?» አለ። ተሳሳቁ። የሱ ለጨረቃ አደን የተሠራ ነው የሚመስለው።
አንደኛው ክቡ ውስጥ። ሁለተኛው ከጎኑ። ሦስተኛውን አጉርሼ አየር ስስብ ያ መበርገግ መጣ። ትከሻዬ ተሰበሰበ፣ ዓይኔ ሊጨፈን... ድሮ ቢሆን ሰው እያየኝ ነው ብዬ እተኩስ ነበር። ጣቴን አነሳሁ። ጠመንጃውን አወረድኩ።
«ምን ሆኑ?» አለ አደን መሪው።
«ልበረግግ ነበር።» ጮክ ብዬ። ሁሉም ሰሙ። የሳቀ የለም።
«ጊዜ አለዎት፣ አባቴ።»
ጠበቅኩ። ደግሜ አነሳሁ። ሲተኮስ ዓይኔ ክፍት ነበር፤ የአፈሙዙን ብልጭታ አየሁት። ጥይቱ ጠርዙ ላይ አረፈ። ከውስጥ ነው።
«ሰኞ እንወጣለን» አለኝ።
ዕቃዬን ስሰበስብ ያ ጎልማሳ መጣ። ሁለት ጥይት ስቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ... ሊበረግጉ ሲሉ እንዴት አወቁት?» አለኝ።
«ጥይት የሚያቀብልህ ሰው አለህ?» አልኩት።