መጥረጊያ ቁጥር አራት ሆስፒታል ደርሳ ስለመመለሷ

ለተከበሩ የከተማ አውቶብስ ድርጅት የመረጃ ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ለማንበብ ብቻ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በቀይ እስክሪብቶ ስለሰረዙልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ከወንበርዎ ጋር የተስማማ፣ የቢሮዎም በር እንደ ወትሮው ጥርቅም ብሎ የተዘጋ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለጸሐፊዎ ትዕግሥት፣ ለቀይ እስክሪብቶዎም ረጅም ዕድሜ እንዲሁ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም ያ እስክሪብቶ በአራት ቀን ውስጥ ያደረሰልንን ሌላ ሰው በአርባ ዓመት አያደርሰውም።

እኔ በስምሪት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ፣ የትኛው አውቶብስ፣ በየትኛው ሹፌር፣ በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የምመድብ ሠራተኛ ነኝ። መስኮቴ ከመውጫው በር ፊት ለፊት ነው፤ እርስዎ በዚያ በር ስለማያልፉ አያውቁኝ ይሆናል፤ ምንም አይደለም፣ እኔ አውቅዎታለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና መንገደኛም ሊያነበው ስለሚችል ነገርን ከሥሩ እንዲሉ ከመጀመሪያው ልጀምር። የስምሪት ፕሮግራማችን የሚኖረው ቨርቹዋል ማሽን በሚባል ነገር ላይ ነው፤ ይህም የድርጅቱ ዋና ኮምፒውተር በሆነው በትልቁ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ተቀምጦ «እኔ ራሴን የቻልኩ ኮምፒውተር ነኝ» ብሎ የሚያምን ኮምፒውተር ነው። «ዲስኬ» የሚለውም ነገር እንደ እውነቱ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ደግነቱ ይህን ዲስክ በኔትወርክ ለሌሎች ፕሮግራሞች ማጋራት ይቻላል። የጎማ መጋዘኑ ፕሮግራምና የጽዳት ክፍሉ ፕሮግራም የትኛው አውቶብስ መቼ ግቢ እንደሚገባ ማየት ፈልገው ዲስኩ ይጋራልን አሉ፤ የጨዋ ጥያቄ ነበር፤ ማንም አልከፋውም።

የሰርቨር ባለሙያችን፣ ግቢው በሙሉ እትዬ ኬብል የሚላቸው የሦስት ልጆች እናት፣ ወግ ባለው ደብዳቤ እንዲህ ብለው ጻፉልዎ፦ ዲስኩ ለሁለቱ ፕሮግራሞች ለማንበብ ብቻ ይከፈት፤ የሚጽፍበት የስምሪቱ ማሽን ብቻ ይሁን፤ አለዚያ ይበላሻል። እርስዎም «ለማንበብ ብቻ» የሚለውን በቀይ ሰርዘው ጠርዙ ላይ በእጅ ጽሑፍዎ የሚከተለውን አሰፈሩ፦ «ስስት የመምሪያችን እሴት አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ሙሉ ፈቃድ ይሰጣቸው።» እኔ ይህን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሲከፋኝ አየዋለሁ።

እንግዲህ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈቃዱ ተሰጠ። በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ሰዎች በሦስት ክፍል ሆነው ሲጽፉ ያስቡት፤ ሦስቱም ደብተሩ የእኔ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ፤ ሦስቱም ያንኑ ባዶ ገጽ ያያሉ፤ ሦስቱም ይጽፉበታል። አንዱ ሌላውን አይጠይቅም፣ ለምን ይጠይቃል፣ ሙሉ ፈቃድ አለው! ከዚህ በኋላ የሆነውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ሳቄ ጽሑፉን ካበላሸው ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የሹፌሮቻችን መዝገብ ጎማ ሆነ። አላጋነንኩም። ሠላሳ ዓመት አንድም አደጋ ሳያደርሱ የነዱት፣ ተሳፋሪ ሲወርድም ሲወጣም «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ከማለታቸው የተነሣ ጋሽ ቀስ በሉ የሚባሉት ሹፌራችን በስክሪኔ ላይ «የኋላ ግራ ጎማ፣ ያለቀ» ተብለው ተገኙ። ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ እንደገና አደረጉት፣ ከዚያም ጎማ መባሉን ለሥራው ሲሉ እንደሚችሉት፣ ያለቀ መባሉ ግን እንዳስከፋቸው ገለጹልኝ። እኔም ቅሬታቸውን ለሚመለከተው አካል እንደማቀርብ ቃል ስለገባሁ ይኸው አቅርቤያለሁ።

ሁለተኛ፦ ይህኛው ያስቃል፣ ግን ከማሳቁ በፊት አስለቅሶኛል፤ ስለዚህ ቀጥ ብለው እንዲያነቡት በትሕትና እጠይቃለሁ። ኮረብታው ላይ ወዳለው ሆስፒታል የሚወጣው አውቶብስ ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ነው። ታላቅ እህቴ፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እጄን ይዛ ያሳደገችኝ እህቴ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በዚያ አውቶብስ ለኩላሊት እጥበት ትወጣለች። ከእርሷ ጋር የሚወጡ ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎችም አሉ። የእጥበቱ ማሽን ጋ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያልደረሰ ሰው አልጋው ለተረኛ ይሰጥበታል፤ የእርሱ ደም ሳይታጠብ ያድራል። አውቶብሱ ከግቢ የሚወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ስክሪኔን ስከፍት ስምንት ቁጥር አለ፣ አሥር ቁጥር አለ፤ ዘጠኝ የለም። በዘጠኝ ቦታ የተቀመጠው የሚከተለው ነበር፦ «መስመር፦ የወለል ሳሙና። ተሽከርካሪ፦ መጥረጊያ ቁጥር 4፣ እጀታዋ የላላ። ሹፌር፦ የኋላ ግራ ጎማ፣ ያለቀ።» አውቶብሱ ግን መስኮቴ ሥር ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል፤ ጋሽ ቀስ በሉም መሪው ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። በዚህ ጊዜ የተከበረው ሰርኩላርዎ ትዝ አለኝ፦ በስክሪኑ ላይ የሌለ አውቶብስ የለም፤ ከሲስተሙ ያልታተመ የስምሪት ወረቀት ያልያዘ ተሽከርካሪ በሩን አያልፍም፤ ያሳለፈ ይጠየቃል። ቢሮዎ ደወልኩ። ጸሐፊዎ በጣም በትሕትና «ስለ መጋራት ባህል» የማለዳ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገሩኝ። እትዬ ኬብልም ሁለቱን ፕሮግራሞች ከዲስኩ ለመንቀል ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ላብ በላብ ሆነዋል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት እንደማይደርስ በስልክ ነገሩኝ። እህቴ ፌርማታው ላይ ሻርፗን ተከናንባ ቆማ ታየችኝ፤ ስትጠብቅ ደግሞ አትቀመጥም፣ አውቶብሱ እንዳያልፈኝ ብላ።

ከዚያ ምን እንደገባብኝ አላውቅም፤ «አትም» የሚለውን ተጫንኩት። ማተሚያው አንዴ አጉረመረመና ወረቀቱን አወጣ። ሕጋዊ የስምሪት ወረቀት፣ ከሲስተሙ የታተመ፣ ለመጥረጊያ ቁጥር አራት። ማኅተሜን አሳረፍኩበት።

የበሩን ጥበቃ ሳያውቋቸው አይቀሩም፤ ለሚስታቸውም ቢሆን ያለ ወረቀት በር አይከፍቱም፣ ስማቸውም «ሕግ ነው» ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አውቶብሱን ዞረው ዞረው አዩት። መጥረጊያዋ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቁኝ፤ እኔም አርባ መቀመጫ ያለውን አውቶብስ በጣቴ አመለከትኩ። ማኅተሙ የእኔ መሆኑን ጠየቁ፤ የእኔ ነው አልኩ። ሹፌሩን ቀና ብለው ተመለከቱና ያለቀ ጎማ መሆናቸውን ጠየቋቸው፤ ጋሽ ቀስ በሉም ጥርሳቸውን ነክሰው አዎ አሉ። ከዚህ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ መዝገባቸውም ላይ «መጥረጊያ ቁ. 4፣ ወጣች፣ 12፡55» ተብሎ ተጻፈ። ሕግ ነው!

ሠላሳ ዓመት ቀስ በሉ ሲሉ የኖሩት ሰውዬ ያን ዕለት ዳገቱን እንዴት እንደወጡት ከተሳፋሪዎቹ ሰምቻለሁ፤ አሥራ ሁለቱም በሽተኞች በአንድ ድምፅ «ጋሼ፣ ቀስ በሉ!» እያሉ ነበር አሉ። አንድ ሰዓት ከሃያ ሰባት ላይ ደረሱ። ሦስት ደቂቃ ተረፈ። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና ነገሩን ከጋሽ ቀስ በሉ ስትሰማ እስክታነባ ስቃ ነርሷ ክንድሽን አታንቀሳቅሺ ብላ ተቆጣቻት። እኔ ደግሞ ደረሱ የሚለው ስልክ ሲመጣልኝ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ለቅሶው መቼ ወደ ሳቅ እንደተለወጠ አላውቅም፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልቆመም።

ሦስተኛ፦ «ያለ ፈቃድ አውቶብስ በማውጣት» የክስ ደብዳቤ ስለላኩልኝ ክብር ይሰማኛል። ሆኖም ከታላቅ አክብሮት ጋር የማልቀበለው በሰርኩላርዎ ምክንያት ነው። በዚያ ማለዳ በሲስተሙ ዘጠኝ ቁጥር የሚባል መስመር የለም፤ የሌለ አውቶብስም ሊወጣ አይችልም። ጋሽ ቀስ በሉ የሚባል ሹፌርም የለም። ያለችው አንዲት መጥረጊያ ናት፤ እርሷም ሕጋዊ ወረቀት ይዛ ወጥታለች፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይም በሰላም ተመልሳለች። የጽዳት ክፍሉ ኃላፊ መጥረጊያቸው ኮረብታ ላይ ምን ትሠራ እንደነበር እንዲያስረዱ ቢጠየቁ ተገቢ ይመስለኛል። እኔ ስለ ሌላ ክፍል ንብረት አስተያየት መስጠት አልወድም።

አራተኛ፦ እትዬ ኬብል ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን አባባል ያውቃሉ። ስለዚህ ሰኞ ዕለት እርስዎ ፈቃዱን ከመስጠትዎ በፊት ማንንም ሳይጠይቁ የዲስኩን ቅጂ አስቀምጠው ነበር። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ዘጠኝ ቁጥርን ወደ ቦታዋ፣ ጋሽ ቀስ በሉንም ወደ ሰውነታቸው የመለሰው ያ ቅጂ ነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች አሁን ዲስኩን ያያሉ እንጂ አይነኩም፤ አንዳቸውም አላለቀሱም። በሪፖርትዎ ግን «መምሪያው በወሰደው ፈጣን እርምጃ» የሚል ሐረግ አነበብኩ፤ እትዬ ኬብል ደግሞ ያለ ፈቃድ ቅጂ በማስቀመጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለውን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ጅቡን ያባረረችውን ውሻ ግን ለምን ጮኽሽ ብሎ ሲቀጣ ያየሁት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ማስጠንቀቂያው ይነሣላቸው። ይህን ስጽፍ አልሳቅኩም።

አምስተኛ፦ የመጋራቱ «ሁለተኛ ምዕራፍ» የፊታችን ሰኞ እንደሚጀመር፣ ሙሉ የመጻፍ ፈቃድም ለጎማ መጋዘኑና ለጽዳት ክፍሉ ከመመለሱ በላይ ለሠራተኞች ካፌ ፕሮግራም ጭምር እንደሚሰጥ የሚገልጸውን አዲሱን ሰርኩላርዎን አንብቤ ከወንበሬ ወደቅኩ። ሰኞ ማለት የማክሰኞ ዋዜማ ነው፤ ማክሰኞ ማለት እህቴ ናት። በአንደኛው ምዕራፍ በመጥረጊያ ወጥታለች፤ በሁለተኛው በሁለት ሻይና በአንድ ዳቦ ትውጣ እንዴ? «ሕግ ነው» ለሻይ በር ይከፍቱ አይከፍቱ ጠይቄያቸው ነበር፤ ወረቀት ካለው ይከፈታል ብለውኛል፤ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ በሳሙናና በዳቦ ስም መጸለይ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ የሰረዟቸውን ሁለት ቃላት ይመልሱልን። ስስት አይደለም ክቡር ሆይ። ሁሉም ያንብብ፣ አንዱ ይጻፍ፤ በዚህ ምክንያት የተራበ ፕሮግራም እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ስድስተኛ ነገር ነበረኝ፤ ስስቅ ረሳሁት።

ለሰጡን ትምህርት፣ ለሰጡን ደስታ፣ ሠላሳ ዓመት በሰላም ለነዱ ሰው ለሰጡት አዲስ የሥራ መደብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስብሰባ ላይ በመሆን ላደረጉልን አስተዋጽኦ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከጥልቅ ትሕትና፣ ከማይናወጥ አክብሮትና ልቆጣጠረው ካልቻልኩት ሳቅ ጋር፣

የስምሪት ሠራተኛ፣
የኋላ ግራ ጎማ የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ፣
የመጥረጊያ ቁጥር አራት አሰማሪ

ግልባጭ፦
ለጎማ መጋዘን (ጋሽ ቀስ በሉ ለቆጠራ ከተፈለጉ መንገድ ላይ ናቸው)
ለጽዳት ክፍል (መጥረጊያችሁ ስላደረገችው ውለታ ከነምስጋና)
ለበሩ ጥበቃ (ማኅተሙ የእኔ ነው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለክሱ መልስ እንድሰጥ የጠሩኝ ማክሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ መገኘት አልችልም፤ በዚያ ሰዓት አውቶብስ አስወጣለሁ። ምናልባት ሁለተኛው ምዕራፍ ከተጀመረ ብዬ ግን የሁሉንም መስመር ስምሪት በእጄ በአንድ ደብተር ገልብጬ፣ «ሕግ ነው»ንም ደብተሩን እንደ ወረቀት እንዲቆጥሩልኝ አስማምቼ፣ ከመስኮቴ ጎን በሚስማር ሰቅዬዋለሁ። የጎማ መጋዘኑ መጥቶ ያነብበዋል፤ የጽዳት ክፍሉም መጥቶ ያነብበዋል፤ እርስዎም በዚያ በር ማለፍ ከጀመሩ ደስ እንዳለዎት ያንብቡት። እስክሪብቶው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።