የሰው ሠርግ ነው

ግርምዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ቀበርንህ፤ አሁን ሁዳዴ ተጋምሷል። ቤታችንን አልለቀቅንም፣ እዚያው ሀና ማርያም ነን። ቪዲዮ የምታቀናብርበትን ክፍል ለአንዲት ልብስ ሰፊ አከራይቻታለሁ። ልጃችን ማክዳ ኬጂ ገብታለች። በገባች በሳምንቱ የአንዱን ልጅ ጆሮ ነክሳ መምህሯ አስጠራችኝ። ልቆጣት ሄጄ ሳልቆጣት ተመለስኩ። እኔም እኮ ሰው መንከስ እያማረኝ ነው የምውለው።

ሰው ሁሉ ተረጋጊ ይለኛል። እንዴት አድርጌ? ዓይኔን ስጨፍን ያቺ የለቡ መብራት ኃይል ቁልቁለት ትመጣብኛለች። የደንበኛችንን የፅጌን ሠርግ ቀርጸን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ታክሲው ስንወርድ ነበር። አንተ የካሜራውን ቦርሳ በትከሻህ፣ ሃርድ ዲስኩ ያለባትን ትንሿን ቦርሳ በደረትህ አንግተሃል፤ እኔ የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክሜያለሁ። ሁለት ሰዎች ከግንባታው አጥር ጀርባ ብቅ አሉ። አንደኛው ጩቤ ይዟል። ካሜራውን ወዲያው አውልቀህ ሰጠሃቸው። ትንሿን ቦርሳ ሲይዙብህ ግን «እሷን ተዉልኝ፣ የሰው ሠርግ ነው» አልካቸው። ልቀቃት ብዬ ጮህኩብህ። አልለቀቅህም። ማንገቻዋ ተበጥሶ አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠች፤ ጓደኛው ረገጣት፤ ጩቤ የያዘው ሆድህን ወጋህ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ።

ማቆሚያውን በሁለት እጄ አንስቼ ሰውየውን ፊቱ ላይ መታሁት። አፍንጫው ሲሰበር እጄ ድረስ ተሰማኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ደገምኩት። ሰው ሲደርስ ሮጡ። አንተ መሬት ላይ ተቀምጠህ፣ ደምህ በጣቶችህ መሃል እየፈሰሰ፣ «ቦርሳዋስ?» አልከኝ። የመጨረሻ ቃልህ ይቺ ናት። ስሜን እንኳ አልጠራህም። ለዚህ እስከዛሬ እጣላሃለሁ፤ ልብስህን ሳጥፍ፣ ጫማህን ሳነሳ እጣላሃለሁ።

አፍንጫው የተሰበረው ሰውዬ ሊታከም ሄዶ ተያዘ። ፍርድ ቤት ቆሜ መሰከርኩበት፤ ተፈረደበት። ጓደኛው አልተገኘም። መንገድ ስሄድ የሰው ፊት እያየሁ ነው የምሄደው።

ሃርድ ዲስኩን ፖሊስ ለማስረጃ ይዞት ቆይቶ መለሰልኝ። ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ አንድም ፋይል አይከፍትም። ውስጡ የፅጌ ሠርግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድግዳ ላይ እፈጠፍጠው ነበር። ግን የእኛም ኑሮ እዚያው ውስጥ ነው። ስልክህ በሞላ ቁጥር የምትገለብጠው፣ የማክዳ ክርስትና፣ የእኛ መልስ፣ አንተ ከካሜራው ጀርባ የምታወራው ሁሉ። ሌላ ቅጂ አላስቀመጥክም፤ የሰው ሠርግ ስታሳምር የራስህን ነገ ነገ እያልክ።

ከወንድምህ ከደረጀ ጋር ብስራተ ገብርኤል ወዳለ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው ሄኖክ ይባላል። ሰክቶ አዳመጠውና ወዲያው ነቀለው።

«በሰካነው ቁጥር ይበልጥ ይሞታል። ሁሉም ላይወጣ ይችላል። የቱን ላስቀድም?» አለኝ።

ደረጀ አፌን እስክከፍት አልጠበቀም። «የወንድሜን ነዋ! ምን ይጠየቃል?» አለ።

እኔም እንደዚያው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሆድህን ይዘህ የተቀመጥክበት አስፋልት ታየኝ። ያንን ሠርግ ብተወው በከንቱ ሞተሃል ማለት ነው። በከንቱ ከምትሞትብኝ ድምፅህን ባጣ ይሻለኛል አልኩ።

«ሠርጉን አስቀድም» አልኩት። ደረጀ ዞሮ አየኝ። ገዳይህን የሚያይ ነበር የሚመስለው።

ሄኖክ ብዙ ቀን ለፋበት። ሲጠራን ሄድን። ሠርጉ ከጥቂት በቀር ወጥቷል። የእኛን መገልበጥ ሲጀምር ግን ዲስኩ ከውስጥ ተፋቀ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ከእኛ የተረፈው አንድ አጭር ቪዲዮ ብቻ ነው።

ደረጀ ይህን ሲሰማ አበደ። የመስታወት መደርደሪያውን በክርኑ ሰበረው። ሄኖክን አንገቱን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጋጨው። «ወንድሜን ሁለቴ ገደላችሁት!» እያለ ይጮሃል። መሃል ስገባ ክርኑ አፌን አገኘኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። በጥፊ አጮልኩት። ያለ የሌለ ጉልበቴን ነው ያሳረፍኩበት።

«የገደለው ጩቤ ነው! እኔ ቆሜ አይቻለሁ፤ አንተ የት ነበርክ?» አልኩት።

ሄኖክን ለቀቀው። ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ሆዱን ይዞ አለቀሰ፤ ለቅሶህ ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። ሄኖክ አንገቱን እያሸ ሄዶ ውሃ ሰጠው። ፖሊስ አልጠራም። መስታወቱን ደረጀ ራሱ አስገጥሞለታል፤ አሁን እሁድ እሁድ ቤት እየመጣ ማክዳን ይወስዳታል። ስለዚያ ቀን አናወራም።

ፅጌ ሠርጓን ልትወስድ ቤት ድረስ መጣች። ነፍሰ ጡር ናት። በሩን ስከፍትላት ላንቃት ፈለግሁ፤ እጄን ከኋላዬ አድርጌ ያዝኩት። ቪዲዮውን ስንከፍተው የመጀመሪያው የተሰማው አንተ ነህ፤ «ቀና በይ እንጂ የኔ እህት፣ ዛሬ ካንቺ በላይ ማን አለ?» ትላታለህ። ፅጌ ወለሉ ላይ ተደፍታ ጉልበቴን ያዘች። አላነሳኋትም። እኔም አጠገቧ ወረድኩና እሪ ብለን አለቀስን፤ ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ መቀሷን እንደያዘች ሮጣ መጣች።

የተረፈችው የእኛ ቪዲዮ ማክዳን ገላዋን ሳጥባት የቀረጽካት ናት። ሳሙና ዓይኗ ገብቶ ትጮኻለች፣ ትራገጣለች፣ ፊቴን ትቧጭረኛለች። ካሜራው በሳቅህ ይንቀጠቀጣል። «አንቺ ነብር! እናትሽን ልትገድያት ነው?» ትላለህ። ፊትህ የለበትም፤ ክንድህ ብቻ ፎጣ ይዞ ብቅ ይላል።

ማክዳ ያቺን ቪዲዮ ካላየች አትተኛም። እናትህ «አባትሽ ውጭ አገር ሄዷል በያት» ይሉኛል። አልቻልኩም። ባለፈው እሁድ ራሷ፣ «አባዬን ምን አደረጉት?» ብላ ጠየቀችኝ። አስቀመጥኳትና ሰዎች እንደወጉህ፣ እንደሞትክ፣ እንደማትመለስ ነገርኳት።

«አመመው?» አለች።

«አዎ፣ በጣም አመመው።»

«አሁንስ?»

«አሁን አያመውም። አሁን የሚያመው እኛን ነው።»

አንገቴን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ አቀፈችኝ።

ግርምዬ፣ ደግ ደጉን ብቻ አስታውሺ ይሉኛል። እኔ ግን አልመርጥም። ሳቅህን አስታውሳለሁ፤ ግትርነትህንም አስታውሳለሁ፤ ያንን ቀን ከነጩኸቱ አስታውሳለሁ። ስናፍቅህም ስረግምህም ሚስትህ ነኝ። ትዝታህን ማንም መጥቶ ከእጄ አይነጥቀኝም፤ የሚሞክር ካለ ይምጣ።

አልማዝህ